የእንግሊዝኛውን «ኤ»፣ «አን» እና «ዘ» በየቦታቸው የማስገባት ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ዳር ላይ ለአስጎብኚነት የሚዘጋጁ ወጣቶችን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለዓመታት ሳርም፣ ቀይ እስክሪብቶዬ ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራው በሦስት ትንንሽ ቃላት ዙሪያ ነው፤ «ኤ»፣ «አን» እና «ዘ»። ግሱን በትክክል የሚያረቡ፣ የቃላት ሀብታቸውም የማይናቅ ተማሪዎች እነዚህን ሦስቱን ወይ ይረሷቸዋል፣ ወይ እንደ ጨው በየቦታው ይነሰንሷቸዋል። ምክንያቱ የትጋት ማነስ አይደለም። አብዛኞቹ አንድ አቋራጭ ይከተላሉ፤ አማርኛው ላይ «ው» ወይም «ዋ» ካለ «ዘ» ያስገባሉ፣ ከሌለ ቦታውን ባዶ ይተዉታል። አቋራጩ አንዳንዴ በትክክል ያደርሳል፤ ሰው የሚሳሳትበትም አንዳንዴ ስለሚያደርስ ነው።

ይህ መመሪያ በአቋራጩ ምትክ ለእያንዳንዱ ስም በቅደም ተከተል የሚቀርቡ ጥያቄዎችን ያስቀምጣል። ቅደም ተከተሉን አታዛንፉ። የኋለኛውን ጥያቄ ቀድሞ የጠየቀ ሰው መልስ ያገኛል፣ መልሱ ግን ለሌላ ጥያቄ የሚሆን ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚከተሉትን አዘጋጁ።

- አንድ ደብተርና ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው እስክሪብቶ።
- ራሳችሁ የጻፋችሁት አንድ አጭር የእንግሊዝኛ አንቀጽ። ከመጽሐፍ የተገለበጠ አይሁን፤ የምታርሙት የራሳችሁን ልማድ ነው።
- ለተማሪ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ በስልክም ቢሆን። በእነዚህ መዝገበ ቃላት ከስሙ ጎን «ሲ» የምትባለው ፊደል የሚቆጠር ስምን፣ «ዩ» የምትባለው የማይቆጠር ስምን ታመለክታለች። ያለዚህ ምልክት አራተኛውን ደረጃ ማለፍ ከባድ ነው።

ምሳሌዎቹን በእኛው ፊደል፣ በድምፃቸው ጽፌአቸዋለሁ፤ ስትለማመዱ ግን ደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው። «ዘ» ብዬ የማሰፍረው ቃል የምላስን ጫፍ በጥርሶች መካከል በስሱ አድርጎ የሚነገር ድምፅ አለው፣ ለዚያ ድምፅ ፊደል ስለሌለን ነው በ«ዘ» የተተካው። ከግዕዙ «ዘ» ጋርም ዝምድና የለውም። ይህን የምለው ከቅኔ ቤት የመጣ አንድ ተማሪዬ «ዘኢትዮጵያ» እንደሚባለው ሁሉ በየአገሩ ስም ፊት «ዘ» እያስቀደመ ብዙ ካደከመኝ በኋላ ነው። የግዕዙ «ዘ» «የ» ማለት ነው፤ የእንግሊዝኛው ደግሞ «የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ» እንደማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ስሞቹን አስምሩባቸው

1. በአንቀጹ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ስም በአንዱ ቀለም አስምሩበት።
2. ከስሙ ፊት የሚገልጸው ቅጽል ካለ እስከ ቅጽሉ ድረስ አስምሩ። አርቲክል፣ ማለትም ከሦስቱ ቃላት አንዱ፣ የሚገባው ከስሙ ፊት ብቻ ሳይሆን ከቅጽሉም ፊት ነውና ቦታውን ከወዲሁ መለየት ያስፈልጋል። «ኤ ቢግ ቦት» እንጂ «ቢግ ኤ ቦት» አይባልም።
3. ስም የሌለበትን ቅጽል ተዉት። «ዘ ሌክ ኢዝ ቢግ» በሚለው ውስጥ «ቢግ» ብቻውን ስለቆመ አርቲክል አይወስድም። «ኢት ኢዝ ኤ ቢግ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ወይ «ኤ»ን አጥፉ፣ ወይ ስም ጨምሩ።

ደረጃ 2፦ የተጸውኦ ስም ነውን?

የሰው፣ የከተማ፣ የአብዛኞቹ አገሮችና የአህጉራት ስም አርቲክል አይወስድም። «ባሕር ዳር»፣ «ጎንደር»፣ «ኢትዮጵያ»፣ «አፍሪካ» እንዳሉ ይጻፋሉ። በብዙ ቁጥር የተሰየሙ ወይም በውስጣቸው «መንግሥት» እና «ሪፐብሊክ» የመሰለ ተራ ስም ያላቸው አገሮች ግን ይወስዳሉ፤ «ዘ ኔዘርላንድስ»፣ «ዘ ፊሊፒንስ»፣ «ዘ ዩናይትድ ስቴትስ»፣ «ዘ ዩናይትድ ኪንግደም»።

የመልክዓ ምድር ስሞች ላይ ሲደረስ ብዙዎች ይደናገራሉ፣ እኛ አካባቢ ያሉት ምሳሌዎች ግን ጉዳዩን በአንድ እይታ ያስጨብጣሉ። ጣና ሐይቅ ነው፣ የነጠላ ሐይቅ ስምም አርቲክል አይወስድምና «ሌክ ጣና» ይባላል። ከእሱ የሚወጣው ዐባይ ወንዝ ነው፣ ወንዝም ይወስዳልና «ዘ ብሉ ናይል» ይባላል። ስለዚህ «ዘ ብሉ ናይል ፍሎውስ ኦውት ኦፍ ሌክ ጣና» የሚለው ዓረፍተ ነገር በግራው አንድ አለው፣ በቀኙ ምንም የለውም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙት፤ ስትጠራጠሩ ወደ እሱ ተመለሱ።

ቀሪዎቹን በዚሁ መንገድ መድቧቸው።

- የማይወስዱ፦ ነጠላ ደሴት፣ ለምሳሌ «ደቅ አይላንድ»፤ ነጠላ ተራራ፣ ለምሳሌ «ማውንት ጉና»።
- የሚወስዱ፦ ባሕርና ውቅያኖስ፣ ለምሳሌ «ዘ ሬድ ሲ»፤ ቦይ፣ ለምሳሌ «ዘ ስዊዝ ካናል»፤ የተራሮች ሰንሰለት፣ ለምሳሌ «ዘ ስሜን ማውንቴንስ»፤ ባሕረ ገብ መሬት፣ ለምሳሌ «ዘ ዘጌ ፔኒንሱላ»።

የመጨረሻው በእኛ ጆሮ የመንተባተብ ይመስላል። «ዘ» አንዴ ከተነገረ በቂ ነው ብለው የመጀመሪያውን የሚያስቀሩ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። የዘጌ «ዘ» የስሙ አካል ነው፤ አርቲክሉ ሌላ ነው። «ፔኒንሱላ» የሚለው ቃል ሲቀርና ቦታው «ዘጌ» ተብሎ ብቻ ሲጠራ ግን አርቲክሉም አብሮ ይቀራል።

በትምህርት ተቋማት ስም የሚወስነው «ኦፍ» የምትለው ቃል መኖር ወይም አለመኖር ነው። «ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ» ምንም አይወስድም፤ «ዘ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ጎንደር» ግን ይወስዳል። ሁለቱን ስሞች አጎራብታችሁ ጻፏቸው፣ ልዩነቱ አይጠፋባችሁም።

ማስጠንቀቂያ፦ በማዕረግና በስም መካከል ያለውን ልዩነት ጠብቁ። «ዶክተር» ወይም «ፕሬዚደንት» የሚለው ቃል ከሰው ስም ጋር ሲጣመር አርቲክል የለውም፤ ብቻውን ሲቆም ግን እንደ ማንኛውም ስም ይቆጠራልና ወደ ቀጣዮቹ ደረጃዎች ይለፍ።

ደረጃ 3፦ ቦታው አስቀድሞ ተይዟልን?

ከስሙ ፊት «ማይ»፣ «ሂዝ»፣ «አወር»፣ «ዚስ»፣ «ዛት»፣ «ኤቭሪ»፣ «ሰም» ወይም «ኖ» ካለ አርቲክል አይገባም። አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው አይቀመጥም።

ይህ ቀላል መስሎ ሳለ ጎበዝ ተማሪ የሚሳሳትበት አንድ ምክንያት አለ፤ አማርኛችን ሁለቱን በአንድነት ይፈቅዳል። «የአባቴ ትልቁ ጀልባ» ስንል አገናዛቢውም «ትልቁ» ላይ ያለው «ኡ»ም አብረው ቆመዋል። «ያ ትልቁ ጀልባ» ስንልም እንዲሁ ነው። ይህን ቃል በቃል የሚያሻግር ሰው «ማይ ፋዘርስ ዘ ቢግ ቦት» እና «ዛት ዘ ቢግ ቦት» ይጽፋል። ትክክለኛዎቹ «ማይ ፋዘርስ ቢግ ቦት» እና «ዛት ቢግ ቦት» ናቸው።

ሌላው ወጥመድ «ው» ራሷ ሁለት ትርጉም ያላት መሆኗ ነው። «ወንድሜ ጀልባውን ሸጠ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስለየትኛው ጀልባ እንደሆነ የምናውቀውን ጀልባ ሸጠ ማለትም፣ የራሱን ጀልባ ሸጠ ማለትም ሊሆን ይችላል። አማርኛ ተናጋሪ ከዐውዱ ይረዳዋል፤ እንግሊዝኛ ግን ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጡ ያስገድዳል። የሚከተለውን ፈትሹ።

1. «ው» ባለችበት ቦታ «የእሱን» ብላችሁ ሞክሩ። «ወንድሜ የእሱን ጀልባ ሸጠ» ማለት የፈለጋችሁት ከሆነ «ሂዝ ቦት» ጻፉ።
2. ካልሆነ ወደ ደረጃ 4 እለፉ።
3. የአካል ክፍልና የሚለበስ ነገር ሲሆን ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል መልኩ መልሱ የመጀመሪያው ነው። «እጁን ታጠበ» ለማለት «ሂ ዎሽድ ሂዝ ሃንድስ» እንጂ «ሂ ዎሽድ ዘ ሃንድስ» አይጻፍም። ሁለተኛው የሌላ ሰው እጅ ያስመስላል።

ደረጃ 4፦ ይቆጠራልን?

ከዚህ ደረጃ የሚወጣው ሕግ አንድ ነው፤ የሚቆጠር ነጠላ ስም ብቻውን አይቆምም። «ኤ»፣ «አን»፣ «ዘ» ወይም በደረጃ 3 ካየናቸው ቃላት አንዱ ከፊቱ የግድ መኖር አለበት።

አማርኛ ይህ ግዴታ የለበትም። «መምህር ነው»፣ «ጀልባ ገዛ»፣ «ሥራ ፈለገች» ስንል ስሙ ራቁቱን ቆሞ አይበርደውም። በእንግሊዝኛ ግን «ሂ ኢዝ ቲቸር» ብሎ የጻፈ ሰው የዓረፍተ ነገሩን አንድ እግር ቆርጧል፤ «ሂ ኢዝ ኤ ቲቸር» መሆን አለበት። እኔ ያረምኋቸውን የሥራ ማመልከቻዎች አብዛኞቹን ያበላሸው ይኸው ሙያን ያለ «ኤ» መጻፍ ነው። ከዓሣ አስጋሪ እስከ ሐኪም፣ የአንድ ሰው ሙያ በነጠላ ሲጠራ «ኤ» ወይም «አን» ይቀድመዋል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

1. ስሙን በመዝገበ ቃላት ፈልጉና «ሲ» ወይም «ዩ» የሚለውን ምልክት ከላዩ ላይ በትንሹ ጻፉ። የምታውቁት ቢመስላችሁም ፈልጉት።
2. «ሲ» ሆኖ ነጠላ ከሆነ፣ ባዶ መተው እንደማይቻል ለማስታወስ ከፊቱ ክፍት ሳጥን ሥሩ። ሳጥኑን በሚቀጥለው ደረጃ ትሞሉታላችሁ።
3. «ሲ» ሆኖ ብዙ ቁጥር ከሆነ «ኤ» እና «አን»ን ከምርጫው አውጡ። የቀረው ወይ «ዘ» ነው ወይ ባዶ።
4. «ዩ» ከሆነም እንዲሁ «ኤ» እና «አን»ን አውጡ፤ ስሙንም በብዙ ቁጥር አታርቡት።

አራተኛውን ነጥብ በጥብቅ የምናገረው በአማርኛ የሚቆጠሩ፣ በእንግሊዝኛ የማይቆጠሩ ብዙ ስሞች ስላሉ ነው። መረጃ፣ ምክር፣ ዜና፣ የቤት ሥራ፣ የቤት ዕቃ፣ የመንገደኛ ሻንጣና ጓዝ፣ መሣሪያ፣ ዳቦ በእኛ ዘንድ ይቆጠራሉ። «አንድ ምክር ልስጥህ» ይባላል፣ «ሁለት ዳቦ ግዛ» ይባላል፣ «መረጃዎች ደረሱን» ይባላል። በእንግሊዝኛ ግን «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ኒውስ»፣ «ሆምወርክ»፣ «ፈርኒቸር»፣ «ላጌጅ»፣ «ኢኩዊፕመንት» እና «ብሬድ» ሁሉም «ዩ» ናቸው። «አን ኢንፎርሜሽን» የለም፣ «ኢንፎርሜሽንስ»ም የለም። «ኒውስ» መጨረሻው ላይ ብዙ ቁጥር ይመስላል፤ ቢመስልም አንድን ነገር እንደሚገልጽ ስም ነው የሚታየው፣ «ዘ ኒውስ ኢዝ ጉድ» ይባላል።

መቁጠር ግድ ከሆነባችሁ መቁጠሪያውን ጨምሩ። «ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ»፣ «ቱ ሎቭስ ኦፍ ብሬድ»፣ «ኤ ካፕ ኦፍ ኮፊ» በሉ። እዚህ የሚቆጠረው «ፒስ» ወይም «ካፕ» ስለሆነ «ኤ» የእነሱ ነው።

አንዳንዱ ስም እንደ አገባቡ ሁለቱንም ምልክት ይይዛል፤ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። «ኤ ፊሽ» ከመረቡ የወጣው አንድ ዓሣ ነው፤ «ፊሽ» ያለ አርቲክል ሳህን ላይ የቀረበው ምግብ ነው። «አይ ኤት ፊሽ» ያለ ሰው ምሳው ዓሣ ነበር፤ «አይ ኤት ኤ ፊሽ» ያለ ሰው አንድ ሙሉ ዓሣ ጨርሷል። «ሥራ አገኘሁ» ለማለት ደግሞ «ጆብ» የሚቆጠር፣ «ወርክ» በዚህ ትርጉሙ የማይቆጠር ስለሆነ «አይ ፋውንድ ኤ ጆብ» ወይም «አይ ፋውንድ ወርክ» ይባላል። «አይ ፋውንድ ኤ ወርክ» ከተማችን ውስጥ በየቀኑ የሚሰማ ስሕተት ነው።

ሕመምም የራሱ ጠባይ አለው። ራሴን አመመኝ ለማለት «አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ»፣ ጉንፋን ያዘኝ ለማለት «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ሲባል፣ ወባ ግን «አይ ሃቭ ማላሪያ» ነው። ለዚህ አመክንዮ አትፈልጉለት፣ መዝገበ ቃላቱን እመኑ።

ደረጃ 5፦ ሰሚው የትኛውን እንደሆነ ያውቃልን?

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ጥያቄው እናንተ ታውቁታላችሁ ወይ አይደለም፤ የሚያነብባችሁ ወይም የሚሰማችሁ ሰው የትኛው እንደሆነ መለየት ይችላል ወይ ነው። ከቻለ «ዘ»። ካልቻለ፣ ለነጠላ ተቆጣሪ «ኤ» ወይም «አን»፤ ለብዙ ቁጥርና ለማይቆጠር ባዶ ወይም «ሰም»።

ሰሚው የሚያውቅባቸው መንገዶች እነዚህ ናቸው።

1. አስቀድማችሁ ነግራችሁታል። «አይ ሶው ኤ ቦት። ዘ ቦት ዎዝ ኢምፕቲ።» መጀመሪያ «ኤ»፣ ከዚያ «ዘ»።
2. ከተነገረው ነገር ጋር ተያይዞ የሚመጣ ነው። ጀልባ ካነሳችሁ በኋላ «ዚ ኢንጂን» («ዘ» በአናባቢ ፊት «ዚ» ተብላ ትነገራለች) ብትሉ ሰሚው የዚያ ጀልባ ሞተር መሆኑን ይረዳል፣ ስለ ሞተሩ ከዚህ በፊት ባትናገሩም። አማርኛም «ሞተሩ» ይላልና እዚህ አቋራጩ ያደርሳል።
3. ከስሙ በኋላ የሚመጣው ሐረግ ለይቶታል። «ዘ ኮፊ ዊ ድራንክ ዚስ ሞርኒንግ» የትኛው ቡና እንደሆነ ራሱ ይናገራል።
4. በዓለም ወይም በአካባቢው አንድ ብቻ ነው። ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ሰማይ፤ «ዘ ሰን»፣ «ዘ ሙን»፣ «ዘ ስካይ»። አማርኛው «ፀሐይ ወጣች» ብሎ ያለ ምንም ምልክት ይጽፈዋልና አቋራጩ እዚህ ይከዳል። ባሕር ዳር ላይ ቆማችሁ «ዘ ሌክ» ብትሉም ሌላ ሐይቅ የሚያስብ የለም።
5. ከሁሉ የበለጠ፣ የመጀመሪያ ወይም ብቸኛ ነው። «ሌክ ጣና ኢዝ ዘ ላርጀስት ሌክ ኢን ኢትዮጵያ»፣ «ዘ ፈርስት ቦት»፣ «ዚ ኦንሊ ሮድ»፣ «ዘ ሴም ፕራይስ»።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። በአማርኛ የስሙን እሙርነት፣ ማለትም የታወቀ መሆኑን፣ የሚናገረው ምልክት ብዙ ጊዜ ስሙ ላይ አይቀመጥም፤ ከፊቱ ያለው ገላጭ ላይ ነው የሚወጣው። «ጀልባ» የሚለውን ስም ብቻ እያያችሁ «ው» ከፈለጋችሁ «ትልቁ ጀልባ» ውስጥ ምንም አታገኙም፣ ምልክቱ «ትልቁ» ላይ ነውና። አንጻራዊ ዓረፍተ ነገር (እንደ «ዓሣ የሚሸጥ» ያለ፣ ስሙን በግስ የሚገልጽ) ሲመጣ ደግሞ ምልክቱ ግሱ ውስጥ ይደበቃል። እነዚህን ሁለቱን ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፦

«ዓሣ የሚሸጥ ሰው አየሁ።»
«ዓሣ የሚሸጠውን ሰው አየሁ።»

የመጀመሪያው ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ነው፤ «አይ ሶው ኤ ማን ሁ ሴልስ ፊሽ»። ሁለተኛውን ሰው ሰሚው ያውቀዋል፤ «አይ ሶው ዘ ማን ሁ ሴልስ ፊሽ»። «ሰው» የሚለው ቃል በሁለቱም ላይ አንድ ነው፣ ልዩነቱ «የሚሸጥ» እና «የሚሸጠው» መካከል ነው። ስለዚህ አማርኛውን መነሻ ማድረግ ካልቀረላችሁ፣ ስሙን ትታችሁ ከፊቱ ያለውን ቃል መርምሩ።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ስሕተት አለ፤ አንጻራዊ ዓረፍተ ነገር ባለበት ሁሉ «ዘ» ይገባል ብሎ መደምደም። ከላይ ያለው «ኤ ማን ሁ ሴልስ ፊሽ» እንደሚያሳየው ገላጭ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም፣ ገላጩ አንዱን ለይቶ ማውጣት አለበት።

«አንድ» የሚለውም ቃል ያሳስታል። «አንድ እንግዳ መጣ» ስንል መቁጠራችን አይደለምና «ኤ ጌስት ኬም» ይበቃል። «ዋን ጌስት ኬም» የሚለው ሁለት ወይም ሦስት ሲጠበቅ አንድ ብቻ መጣ እንደማለት ይሰማል። «ዋን»ን ለቆጠራ ብቻ አስቀሩት።

ይህ ደረጃ አልሠራ ሲላችሁ «የትኛው?» ብላችሁ ሰሚውን በሐሳባችሁ ጠይቁት። «አይ ሎስት ዘ ኪይ» ብላችሁ ለማያውቃችሁ ሰው ስትነግሩት «የትኛውን ቁልፍ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ከሆነ «ዘ» ያለ ቦታው ገብቷል።

ደረጃ 6፦ ስለ ነገሩ በጠቅላላ ነውን?

«ቡና እወዳለሁ»፣ «ሕይወት ከባድ ነው»፣ «ዓሣ ለጤና ይስማማል» የሚሉት ስለ አንድ የተለየ ቡና፣ ሕይወት ወይም ዓሣ አይናገሩም። በእንግሊዝኛ እነዚህ ባዶ ናቸው፤ «አይ ላይክ ኮፊ»፣ «ላይፍ ኢዝ ሃርድ»። ተቆጣሪ ሲሆን በብዙ ቁጥር፣ ያለ አርቲክል ጻፉት፤ «ቦትስ አር ኤክስፔንሲቭ»። «ዘ ላይፍ ኢዝ ሃርድ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሕግ እያከበረ ይመስለዋል፣ አንባቢው ግን የማንን ሕይወት እንደሆነ ለማወቅ ይጠብቃል።

ከቃሉ በኋላ ለይቶ የሚያወጣ ሐረግ ከጨመራችሁ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ፤ «ዘ ላይፍ ኦፍ ኤ ፊሸርማን» ይባላል።

ደረጃ 7፦ «ኤ» ወይስ «አን»?

ሳጥኑ ውስጥ «ኤ» ወይም «አን» እንደሚገባ ከወሰናችሁ በኋላ ብቻ ይህን ጠይቁ። ከአርቲክሉ ቀጥሎ ያለውን ቃል በአፋችሁ በሉት፤ በአናባቢ ድምፅ ከጀመረ «አን»፣ በተነባቢ ከጀመረ «ኤ»። ፊደሉን አትዩ። እዚህ ላይ ፊደላችን ይጠቅመናል፤ ቃሉን በድምፁ በአማርኛ ስትጽፉት የመጀመሪያው ፊደል ከ«አ» ዘር ከሆነ «አን» ነው። «አወር» (ሰዓት) በእንግሊዝኛ በማይነበብ ፊደል ይጀምራል፣ ድምፁ ግን «አ» ነውና «አን አወር» ይባላል። «ዩኒቨርሲቲ» በእንግሊዝኛ በአናባቢ ፊደል ይጀምራል፣ ድምፁ ግን «ዩ» ነውና «ኤ ዩኒቨርሲቲ» ይሆናል። «ዋን ዌይ ቲኬት» እንዲሁ «ኤ» ይወስዳል።

የሚቀጥለው ቃል ስሙ ላይሆን እንደሚችል አትርሱ። «አን አይላንድ» ሲሆን «ኤ ስሞል አይላንድ» ይሆናል።

ደረጃ 8፦ የተለመዱ አነጋገሮችን ለዩ

እስከ አሁን ያለውን ሁሉ አልፈው የሚያፈነግጡ ጥቂት አነጋገሮች አሉ። በቃል ይያዛሉ።

- መጓጓዣ ከ«ባይ» ጋር ባዶ ነው፦ «ባይ ቦት»፣ «ባይ በስ»። በ«ኢን» ወይም «ኦን» ሲሆን አርቲክል ይመለሳል፦ «ኢን ኤ ቦት»፣ «ኦን ዘ በስ»።
- ጊዜ፦ «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ሲባል «አት ናይት» ግን ባዶ ነው።
- ምግብ፦ «ሃቭ ላንች» ባዶ ነው፤ ቅጽል ሲገባ «ኤ ቢግ ላንች» ይሆናል።
- የሙዚቃ መሣሪያ አርቲክል ይወስዳል፣ ጨዋታ አይወስድም፦ «ፕሌይ ዘ ክራር»፣ «ፕሌይ ፉትቦል»።
- ቋንቋ፦ «አማሪክ» ባዶ፤ «ዚ አማሪክ ላንጉጅ» ግን አይደለም።
- «ኤ ፊው» እና «ፊው» የተለያዩ ናቸው። «አይ ሃቭ ኤ ፊው ፍሬንድስ» ጥቂት ጓደኞች አሉኝ ማለት ሲሆን፣ «አይ ሃቭ ፊው ፍሬንድስ» ጓደኛ የለኝም ለማለት ጥቂት የቀረው ሰው አነጋገር ነው።

ለአስጎብኚ ከሁሉ የሚያስፈልገው «ቸርች» ነው። እናታችሁ ለቅዳሴ ከሄዱ «ሺ ዌንት ቱ ቸርች»፤ ቦታው ለታሰበለት ጉዳይ ነውና ባዶ ነው። እንግዳው የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች ሊያይ ከሄደ ግን «ሂ ዌንት ቱ ዘ ቸርች» ነው፤ ሕንፃውን ፈልጎ ነውና። «ስኩል» እና «ፕሪዝን» በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። «ሆስፒታል» ላይ እንግሊዞች ለታካሚ «ኢን ሆስፒታል» ሲሉ አሜሪካኖች «ኢን ዘ ሆስፒታል» ይላሉ፤ አንዱን መርጣችሁ ጽሑፉን በእሱ ጨርሱ። «ባንክ» ግን ሁልጊዜ «ቱ ዘ ባንክ» ነው።

ሁሉንም በአንድ አንቀጽ ላይ መሞከር

የሚከተለውን አንድ ተማሪዬ በጀልባ መነሻው አጠገብ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የጻፈው ነው።

«የስተርዴይ ቱሪስት ኬም ቱ ዘ ሌክ ጣና። ሂ ዎንትድ ቦት። ዘ ቦትማን ጌቭ ሂም ኢንፎርሜሽንስ። ዘይ ዌንት ቱ ዘጌ ፔኒንሱላ ባይ ዘ ቦት። ሰን ዎዝ ቬሪ ሆት። ዘ ቱሪስት ፑት ኦን ዘ ሃት።»

ከማንበብ በፊት ራሳችሁ አርሙት። ከዚያ አስተያዩ።

1. «ቱሪስት» የሚቆጠር ነጠላ፣ ለአንባቢው አዲስ፦ «ኤ ቱሪስት»።
2. «ሌክ ጣና» ነጠላ ሐይቅ፦ «ዘ» ይጠፋል።
3. «ቦት» የሚቆጠር ነጠላ፣ ማንኛውም ጀልባ፦ «ኤ ቦት»።
4. «ቦትማን» ላይ ተማሪው ተከራክሮኛል። እንግዳው ጀልባውን አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ጀልባ ነጂው ከጀልባው ጋር ስለሚመጣ «ዘ» ትክክል ይሆን ነበር፤ እዚህ ግን ገና ፈለገ እንጂ አላገኘም፣ ስለዚህ «ኤ ቦትማን»። «ሂ ሃየርድ ኤ ቦት» ብሎ ከጻፈ «ዘ»ን ልመልስለት ተስማምተናል።
5. «ኢንፎርሜሽን» «ዩ» ነው፦ «ሰም ኢንፎርሜሽን»።
6. ባሕረ ገብ መሬት ይወስዳል፦ «ዘ ዘጌ ፔኒንሱላ»። «ባይ ቦት» ባዶ ነው።
7. ፀሐይ አንድ ናት፦ «ዘ ሰን»።
8. «ዘ ቱሪስት» ትክክል ነው፣ ቀድሞ ተነግሯል። ባርኔጣው የራሱ ነው፦ «ሂዝ ሃት»።

ከአምስት በላይ ከሳታችሁ ከደረጃ 4 ጀምራችሁ በሌላ አንቀጽ ድገሙት። ሁለትና ሦስት ከሆነ የሳታችሁትን ደረጃ ቁጥር ከአንቀጻችሁ ዳር እየጻፋችሁ ለሳምንት ያህል ተከታተሉ፤ ያው አንድ ቁጥር እየተደጋገመ ይመጣል፣ ሥራችሁም እሱ ነው።

ስትናገሩ

በንግግር ስምንት ደረጃ ለማሰብ ጊዜ የለም፤ ድምፁን ማስተካከል ግን ይቻላል። «ኤ»ን ጠንከር አድርጋችሁ አትጥሯት፤ በተራ ንግግር «ኧ» ተብላ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ትጣበቃለች፣ «ኧቦት» እንደማለት። «አን»ም «ኧን» ናት። «ዘ» በአናባቢ ፊት «ዚ» ትሆናለች፣ «ዚ አይላንድ»፤ «ዩኒቨርሲቲ» ፊት ግን «ዘ» እንደሆነች ትቀራለች።

አርቲክል እንደዘለላችሁ መካከል ላይ ከታወቃችሁ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ አትመለሱ። ስሙን ብቻ ከአርቲክሉ ጋር ደግማችሁ ቀጥሉ፤ «ዊ ኒድ ቦት፣ ኤ ቦት፣ ፎር ቱሞሮው» ቢባል ማንም አይደናገርም። ከቶ መወሰን ካቃታችሁ ስሙን ወደ ብዙ ቁጥር አዙሩት ወይም «ማይ»፣ «ዚስ»፣ «ሰም» ከሚሉት የሚስማማውን ተኩበት፤ ለጽሑፍ ግን በዚህ አትሸሹ፣ መዝገበ ቃላቱን ክፈቱ።